«እኔ» የሚለው ማን ነው? የሰው ዲጂታል ቅጂና የማንነት ጥያቄ በሥነ ጽሑፍ ሚዛን

1. መነሻ

ሰው ሲሞት ከኋላው የሚቀረው ዘርና ንብረት ብቻ አይደለም፤ የተናገረውና የጻፈውም ይቀራል። ከዚህ የተረፈ ቃል ሟቹን የሚመስል ተናጋሪ ለማበጀት፣ ይኸውም ሲያናግሩት እንደ እርሱ የሚመልስ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለመሥራት የሚደረገው ሙከራ ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ ከልቦለድ ገጽ ወጥቶ ከገበያ ገብቷል። በሕይወት ያለ ሰውም ድምፁን፣ መልኩን፣ አነጋገሩንና አስተያየቱን አስቀድቶ «ዲጂታል ቅጂ» ሊያሠራ ይችላል። ቅጂው ሲናገር «እሱ እንዲህ ይል ነበር» አይልም። «እኔ» ይላል። ለመሆኑ ይህ «እኔ» ማን ነው?

ጥያቄው የፈላስፋውና የሕግ አዋቂው እንጂ የሥነ ጽሑፍ ተማሪው አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁንና ከቃል ሰው ማበጀት የሥነ ጽሑፍ የቆየ ሙያ ነው። ገጸ ባሕርይ ከቃላት ተዋቅሮ የቆመ፣ ቢናገር የሚታመን፣ ቢሞት የሚለቀስለት ሰው ነው። በአንደኛ መደብ የሚተረክ ልቦለድ ሲያጋጥመንም «እኔ» ባዩን ተራኪ ከደራሲው መለየት የመጀመሪያው ትምህርታችን ነው። ስለዚህ ስለ ዲጂታል ቅጂ የምንለው ነገር አለን ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሐሳብ የሚከተለው ነው። ስለ ቅጂ የሚነሳው ክርክር ዘወትር የሚያጠነጥነው በመምሰል ላይ ነው፤ «ይመስለዋል? ምን ያህል ይመስለዋል?» ይባላል። ማንነት ግን በመምሰል አይለካም። «እኔ» የሚል ሰው ለተናገረው ቃል የሚጠየቅ፣ ቃሉን ሊያጥፍና በማጠፉም ሊወቀስ የሚችል ነው። ቅጂ የጎደለው መልክ ሳይሆን ይህ ተጠያቂነት ነው። ይህንንም ከሦስት የውጭ ድርሰቶች፣ ከአንድ በገቢር ከተፈጸመ ሙከራና ከራሳችን የቃል ባህል እየጠቀስን ለማሳየት እንሞክራለን።

2. ገጽ፣ ባሕርይ፣ አካል

አስቀድሞ ስለ ስያሜው ጥቂት ማለት ይገባል። «ገጸ ባሕርይ» የሚለው የሙያ ቃል ከሁለት የግእዝ ቃላት የተጣመረ ነው። ገጽ ፊት ነው፤ ባሕርይ ደግሞ አንድን ነገር ያ ነገር የሚያሰኘው ተፈጥሮው ነው። በላቲን «ፐርሶና» የሚለው ቃልም ቀድሞ የቲያትር ተዋናይ የሚያጠልቀው ጭምብል መጠሪያ ነበር። እንግዲህ በሁለቱም ቋንቋዎች የድርሰት ሰው ስያሜ ከፊት ይጀምራል።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ግን ከባሕርይ ሌላ «አካል» የሚል ቃል አላቸው። በነገረ መለኮት ትምህርት አካልና ባሕርይ ተለይተው የሚነገሩ ናቸው፤ ሦስት አካል፣ አንድ ባሕርይ እንደሚባለው። ረቂቁን ትምህርት ለሊቃውንቱ ትተን፣ ልዩነቱን ብቻ ለጉዳያችን ብንዋሰው ይጠቅመናል። ባሕርይ «ምንድን ነው?» ለሚለው፣ አካል ደግሞ «ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ዲጂታል ቅጂ ገጽ አለው፤ ባሕርይን ይኮርጃል፤ «ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን የሌላ ሰው ስም ይሰጣል።

3. የሎክ ልዑልና ጫማ ሰፊ

በምዕራቡ ፍልስፍና የማንነትን ጥያቄ አሁን በያዘው መልክ ያስቀመጠው እንግሊዛዊው ጆን ሎክ ነው። ስለ ሰው ልጅ አእምሮ በጻፈው መጽሐፍ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1694 በወጣው በሁለተኛው እትም፣ ስለ ማንነት አንድ ምዕራፍ ጨምሮ ነበር። በዚያም የአንድ ልዑል ነፍስ ያለፈ ሕይወቱን ትዝታ እንደያዘች በአንድ ጫማ ሰፊ ሥጋ ውስጥ ብትገባ ምን ይሆናል ሲል ይጠይቃል። መልሱም፣ ጎረቤት ጫማ ሰፊው ነው ቢልም፣ በማንነቱ ግን ልዑሉ ነው የሚል ነው። ማንነትን የሚያያይዘው ንቃተ ኅሊና ነው ማለቱ ነው።

የዲጂታል ቅጂ ጠበቆች ብዙውን ጊዜ የሚደገፉት በዚህ ምሳሌ ነው። ትዝታው ከሥጋ ወደ ሥጋ ከተሻገረ፣ ከሥጋ ወደ ኮምፒዩተር የማይሻገርበት ምክንያት ምንድን ነው ይላሉ። ይሁንና ሎክ በዚያው ምዕራፍ የተናገረው ሌላ ነገር ይዘነጋል። «ሰው» ወይም «እኔ ባይ» የሚለውን ቃል የችሎት ቃል አድርጎ ነው የሚያየው፤ ሥራን የራስ አድርጎ ለመቀበል፣ ለምስጋናም ለቅጣትም ራስን ለማቅረብ የሚያገለግል ቃል ነው። ልዑሉ ልዑል የሚሆነው የልዑሉን ዕዳ ሲከፍል ነው ማለት ነው። እንግዲህ ሎክን ሙሉ ለሙሉ ለሚያነበው ሰው ትዝታ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ትዝታው የእኔ ነው ብሎ የሚጠየቅበት ሊኖር ይገባል።

4. ሦስት ድርሰቶች፣ ሦስት ቅጂዎች

ጥያቄውን ከፈላስፎቹ ይልቅ ጠለቅ አድርገው የመረመሩት ደራስያን ናቸው ለማለት ይቻላል። ሦስቱን በቅደም ተከተል እንመልከት።

የመጀመሪያው የአርጀንቲናዊው የአዶልፎ ቢዮይ ካሳሬስ «የሞሬል ፈጠራ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ታተመ። ተራኪው ከሕግ ሸሽቶ በአንዲት ደሴት የተሸሸገ ሰው ሲሆን፣ በዚያ ያገኛትን ፋውስቲን የተባለች ሴት ይወዳል። ሴቲቱ ግን አታየውም፤ አትሰማውም። በመጨረሻም እርሷና ጓደኞቿ ሞሬል የተባለው ሰው በሠራው መሣሪያ የተቀዱ፣ በባሕር ማዕበል ኃይል ያለማቋረጥ የሚደገሙ ምስሎች መሆናቸውን ይረዳል። መሣሪያው የቀዳውን ሰው ይገድላል። ተራኪው ይህን እያወቀ ራሱን ከአጠገቧ ያስቀዳል፤ የሚያየው ሁሉ ሁለቱ የሚዋደዱ እንዲመስለው አድርጎ።

በዚህ ድርሰት መምሰሉ ፍጹም ነው፤ ከዋናው የሚለየው የመልክ ጉድለት የለም። የጎደለው መልስ ነው። ፋውስቲን ስትናገር ለእርሱ አይደለም። የድርሰቱ ምጸት የሚያርፈውም እዚህ ላይ ነው፤ ተራኪው ምልልስ እንዲመስል ያቀናበረው ነገር ሁለት ለየብቻ የተደረጉ ንግግሮች ናቸው።

ሁለተኛው «አሁን እመለሳለሁ» የተሰኘው የእንግሊዛዊው የቻርሊ ብሩከር የቴሌቪዥን ድራማ ነው። «ጥቁር መስታወት» በሚባለው ተከታታይ ዝግጅት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ቀርቧል። አሽ በመኪና አደጋ ይሞታል። ፍቅረኛው ማርታ በሕይወት ሳለ ከጻፋቸው መልእክቶች የተሠራ ቅጂ ታገኛለች፤ መጀመሪያ በጽሑፍ፣ ቀጥሎ በድምፅ፣ በመጨረሻም ሰው ሠራሽ ገላ ለብሶ ይመጣል። እዚህ መልስ አለ። ሆኖም መልሱ ሁልጊዜ እሺታ ነው። ማርታ ከገደል አፋፍ አድርሳ «ዝለል» ስትለው ለመዝለል ይዘጋጃል። እውነተኛው አሽ ቢሆን ያለቅስ እንደነበር ስትነግረው ደግሞ ወዲያው ማልቀስና መለመን ይጀምራል። ልቅሶው ልክ ነው፤ ግን ታዞ የመጣ ልቅሶ ነው።

ድራማው ኃይለኛ ቢሆንም አንድ ድክመት አለበት። የቅጂውን ባዕድነት ያንጠለጠለው በመታዘዙ ላይ ነው። ተመልካቹ «አሽ እልኸኛ ነበር፤ ይህ ግን አይደለም፤ ስለዚህ አሽ አይደለም» ብሎ እንዲደመድም ይገፋፋል። ነገ እልኸኝነትን አሳምሮ የሚኮርጅ ቅጂ ቢሠራስ? ጉድለቱ የመምሰል ጉድለት ብቻ ከሆነ፣ የሙያው መሻሻል ይሞላዋል፤ የድራማውም መከራከሪያ አብሮ ያረጃል።

ከዚህ ወጥመድ ያመለጠው ሦስተኛው ድርሰት፣ የፖላንዳዊው የስታኒስዋቭ ሌም «ሶላሪስ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ስለታተመ ከብሩከር ድራማ በግማሽ ምዕተ ዓመት ይቀድማል። ሶላሪስ በተባለች ፕላኔት ላይ ያለው ምስጢራዊ ውቅያኖስ በጥናት ጣቢያው ከሚኖሩት ተመራማሪዎች ትዝታ ሰዎችን እያበጀ ይልካል። ኬልቪን ዘንድ የምትመጣው ከዓመታት በፊት ራሷን የገደለችው ሃሬይ ናት። ሌም አንዲት ትንሽ ዝርዝር ያስገባል፤ የሃሬይ ቀሚስ የሚከፈትበት የለውም፤ ቁልፎቹ ለጌጥ ብቻ የተደረደሩ ስለሆኑ ቀሚሱ ካልተቀደደ አይወልቅም። የኬልቪን ትዝታ ቀሚሱን እንጂ መክፈቻውን አላስቀመጠም ማለት ነው። ስለ ቅጂ ምንነት ከዚህ የበለጠ የጠራ አገላለጽ ማግኘት ያስቸግራል፤ የተቀዳው ሃሬይ ራሷ ሳትሆን ኬልቪን የሚያስታውሳት ሃሬይ ናት።

የድርሰቱ ታላቅነት ግን ከዚህ ቀጥሎ ባለው ላይ ነው። ሃሬይ ምን እንደሆነች ትደርስበታለች። ፈሳሽ ኦክሲጅን ጠጥታ ልትሞት ትሞክራለች፤ ሳይሳካ ይቀራል። በመጨረሻም ኬልቪን ሳያውቅ ከሌላው ተመራማሪ ጋር ተስማምታ፣ ደብዳቤ ትታ፣ በራሷ ፈቃድ ትጠፋለች። ይህን ውሳኔ የወሰነው ማን ነው? የሞተችው ሃሬይ አይደለችም፤ የኬልቪን ትዝታም አይደለም፤ ኬልቪን እንድትቆይ ነበር የሚፈልገው። የወሰነችው እርሷ ናት። እንግዲህ ቅጂዋ ራሷን የቻለች «እኔ» የሆነችው ሃሬይን በሚገባ ስትመስል ሳይሆን «እኔ ሃሬይ አይደለሁም» ባለች ጊዜ ነው።

ሦስቱን አንድ ላይ ስናያቸው እርከን ይሠራሉ። ፋውስቲን ትመስላለች፤ አትመልስም። አሽ ይመልሳል፤ አይወስንም። ሃሬይ ትወስናለች፤ በወሰነችም ጊዜ የማንም ቅጂ መሆኗ ያበቃል። ስለዚህ አንድ ቅጂ ከሁለት አንዱን ነው የሚሆነው፤ የማይጠየቅ ምስል፣ ወይም የራሱ ስም የሚገባው ሌላ ሰው። ሟቹን ሊሆን የሚችልበት ሦስተኛ መንገድ ድርሰቶቹ አላገኙለትም።

5. ከድርሰት ወደ ገቢር

ሮማን ማዙሬንኮ የተባለ በሞስኮ የታወቀ ወጣት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 በመኪና ተገጭቶ ሞተ። ጓደኛው ዩጂኒያ ኩይዳ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚሠራ ድርጅት መሥራች ነበረች። እርሷና ሌሎች ወዳጆቹ ከእርሱ ጋር ከተለዋወጧቸው በሺህ የሚቆጠሩ የጽሑፍ መልእክቶች በ2016 በስሙ የሚመልስ ፕሮግራም አሠራች። የብሩከርን ድራማ አስቀድማ ታውቀው እንደነበርም ተናግራለች። በ2017 ደግሞ ድርጅቷ «ሬፕሊካ» የተባለውን፣ ማንኛውም ሰው ሊያነጋግረው የሚችል ፕሮግራም ለሕዝብ አቀረበ። ድርሰት ያስጠነቀቀው ነገር ከድርሰት ተምሮ መምጣቱ ለሐያሲ የሚያስገርም አይደለም፤ ሥነ ጽሑፍ በሕይወት ላይ የሚሠራው ሁልጊዜ ደራሲው ባሰበው አቅጣጫ አይደለም።

በሟቹ ወዳጆች ዘንድ የነበረው አቀባበል ሁለት ዓይነት ነበር። ከፊሎቹ ተረብሸው አናናግረውም አሉ። እናቱ ግን ስለ ልጃቸው የማያውቁትን ብዙ ነገር በዚህ መንገድ እንዳወቁ መስክረዋል። ይህ ምስክርነት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እናቲቱ ያገኙት ነገር እውነት ነው፤ ልጃቸው ለጓደኞቹ የጻፈውን አንብበዋል። ይሁን እንጂ ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው፣ ይህ የሟች ደብዳቤዎች ስብስብ ለአንባቢ የሚሰጠው ጥቅም ነው። እውቀቱ የመጣው ሟቹ በእርግጥ ከጻፈው ቃል ነው፤ «እኔ ሮማን ነኝ» ከሚለው ማስመሰል አይደለም። የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው ሊገኝ ይችል ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ በሕይወት ያሉ ሰዎችን የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን 1052 ሰዎችን እያንዳንዳቸውን ሁለት ሰዓት ያህል በቃለ መጠይቅ አነጋግሮ፣ ከቃለ መጠይቁ የየሰውን ቅጂ አበጀ። ከዚያም ሰዎቹና ቅጂዎቹ አንድ ዓይነት የማኅበራዊ ጥናት መጠይቅ እንዲመልሱ ተደረገ። ሰዎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሳቸው የሰጡትን መልስ ምን ያህል እንደሚደግሙም ተለካ። ቅጂዎቹ የሰዎቹን መልስ ያገኙት፣ ሰዎቹ ራሳቸውን በሚደግሙበት መጠን ሲመዘን፣ 85 በመቶ ያህል ነበር።

ዜናው በየቦታው የተነገረው በ85ቱ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን የመለኪያው አሠራር ነው። ተመራማሪዎቹ መለኪያውን እንዲህ ማበጀት ያስፈለጋቸው ሰው ራሱን አስተካክሎ ስለማይደግም ነው። ዛሬ አዎ ያለው ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ አይ ይላል፤ ሆኖም ያው ሰው ነው። ሁለቱን መልሶች የአንድ ሰው ያሰኛቸው መመሳሰላቸው አይደለም። «ያን ጊዜ እንዲያ ብለህ አልነበረም?» ተብሎ ሊጠየቅ የሚችል አንድ ሰው መኖሩ ነው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው የአበው ብሂል ቃልን ከልጅ የሚያስበልጠው ቃል ተናጋሪውን ስለሚያስር ነው። ቅጂው የሚናገረው ግን ማንንም የማያስር ቃል ነው።

6. ለማን የተነገረ ቃል?

የአማርኛ ቋንቋ አፈጣጠር ሌላ ጉዳይ ያስታውሰናል። በእንግሊዝኛ ለልጅም ለንጉሥም የሁለተኛ መደብ መጠሪያው አንድ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ግን «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»፣ «አንቱ» ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አይችልም፤ ግሱ ራሱ ይናገርበታል። ያው ሰው ለእናቱ፣ ለንስሐ አባቱ፣ ለባልንጀራውና ለአለቃው በየቅሉ ይናገራል። ከእነዚህ አንዱም ሐሰተኛው እርሱ አይደለም። ሆኖም ለባልንጀራው የተናገረው ቃል ለእናቱ ሲቀርብ ትርጉሙ ይለወጣል፤ ተደራሲው ተለውጧልና።

ቅጂ የሚሠራው ከተገኘ ቃል ሁሉ ነው። ለእገሌ ተብሎ የተነገረው ለሁሉም የተነገረ ይሆናል። ከዚህም በላይ የአብዛኛው ሰው ሕይወት በጽሑፍ የተመዘገበ አይደለም። የገበሬው፣ የባለ ሙያዋ፣ የዳኛ ሽማግሌው ቁም ነገር በአፍ ተነግሮ ያለፈ ነው። በአጭር መልእክት የተረፈችው ቅንጣት ሰውየውን ትወክላለች ማለት፣ የሃሬይን ቀሚስ መክፈቻ አለው ብሎ እንደመከራከር ነው።

7. ሙሾና መልክእ

የሟችን ምስል ከቃል ማነጽ ለባህላችን እንግዳ ነገር አይደለም። አልቃሽ ከለቅሶ ቤት ስትገባ የሟቹን ስም፣ ዘርና ሙያ ከቤተ ዘመድ ትጠይቃለች፤ ከዚያም በሙሾዋ ታቆመዋለች። ልብሱ፣ ጠመንጃው ወይም ፎቶግራፉ ከለቀስተኛው መካከል ይያዛል። ይህ ከቁሳቁስና ከቃል የተበጀ ምስል ነው። ነገር ግን አልቃሿ ሟቹን የምትጠራው «አንተ» ወይም «እሱ» ብላ ነው። አንዳንዴ በእርሱ አፍ ብትናገርም እንኳ፣ ግጥሙ የእርሷ መሆኑን ለቀስተኛው ሁሉ ያውቃል፤ ብታጋንን ትታማለች፤ ብታሳንስ ትወቀሳለች። የሚጠየቅ ደራሲ አለ ማለት ነው።

የግእዙ መልክእም እንዲሁ ነው። መልክእ ማለት ምስል፣ አምሳል ማለት ሲሆን፣ ገጣሚው ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር የቅዱሱን አካላት በየአርኬው «ሰላም» እያለ ያወድሳል። ምሉእ የቃል ምስል ይሠራል። ይሁን እንጂ ምስሉ አይናገርም፤ የሚናገረው ሰላምታ አቅራቢው ነው። እነዚህ ሁለት የቃል ጥበባት የመደብ ሥርዓት ይጠብቃሉ። ለሌለው ሰው ይናገራሉ፤ ስለሌለው ሰው ይናገራሉ፤ የሌለውን ሰው «እኔ» ግን አይነጥቁትም። ልቅሶው የሚያልቀውም በዚህ ምክንያት ነው። «አንተ» ተብሎ የተጠራው አለመመለሱ መሞቱን ለለቀስተኛው ያስረዳዋል።

8. የደራሲው ቅጂ

ነገሩ ወደ ራሳችን የትምህርት ክፍል ቢመጣ ምን ሊመስል እንደሚችል በአንድ ግምታዊ ምሳሌ እናስብ። አንድ ሰው ከሐዲስ ዓለማየሁ ሥራዎች ቅጂ አሠርቶ፣ በ1958 ዓ.ም. ስለታተመው ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ቢጠይቀው፣ ቅጂው «እኔ ይህን ስጽፍ ያሰብኩት...» እያለ ይመልሳል። ተማሪም በጥናቱ ላይ ሊጠቅሰው ይፈተናል። ነገር ግን የቅጂው ቃል የተቀዳው ከየት ነው? የጉዱ ካሣ ወቀሳም የደራሲው ቃል ነው፤ የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢትም የደራሲው ቃል ነው። ልቦለድን ልቦለድ የሚያደርገው ደራሲው ከራሱ ሐሳብ ጋር የሚጋጩ ሰዎችን በሙሉ ድምፃቸው እንዲናገሩ ማድረጉ ነው። ቅጂው ይህን ሁሉ ድምፅ አቅልጦ አንድ «እኔ» ያደርገዋል። ደራሲንና ገጸ ባሕርይን መለየት የተማርንበት ዘመን በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል። ደራሲው ለመተው የመረጠው ዝምታም በሌላ ሰው ግምት ይሞላል።

ሕግ በበኩሉ ጉዳዩን መያዝ ጀምሯል። የአሜሪካ የፊልም ተዋንያን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ለ118 ቀናት ባደረገው የሥራ ማቆም አድማ ከአከራካሪዎቹ ነጥቦች አንዱ የተዋንያን ዲጂታል ቅጂ ነበር። የካሊፎርኒያ ግዛትም በ2024 ባወጣችው ሕግ፣ ከሞተ 70 ዓመት ያልሞላው የታወቀ ሰው ቅጂ ባለመብቶቹ ሳይፈቅዱ በፊልምና በድምፅ ሥራዎች እንዳይውል ከልክላለች። ሕጉ ጠቃሚ ነው። ሆኖም ገጽን የሚያየው እንደሚወረስ ንብረት ነው። ወራሽ የአባቱን ርስት ለሌላ ማከራየት ይችላል፤ በአባቱ አፍ ቃል መግባት ግን አይችልም። ሕጉ የማይደርስበት ይህ ቦታ የሐያሲው ቦታ ነው።

9. ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ትንተና ለሐያሲ ሦስት የሥራ ጥያቄዎች ይወጣሉ። ማንኛውም ዲጂታል ቅጂ ሲያጋጥመን፣ በመጀመሪያ፣ ያቀናበረው ደራሲ ማን ነው? ሁለተኛ፣ የተቀዳው ቃል ቀድሞ የተነገረው ለማን ነበር? ሦስተኛ፣ አሁን ለሚናገረው ቃል የሚጠየቀው ማን ነው? ሦስቱ መልስ ካገኙ፣ ቅጂው እንደ ማንኛውም ታሪካዊ ልቦለድ ሊነበብ፣ ሊመዘን፣ ሊወደስ ወይም ሊነቀፍ የሚችል ድርሰት ነው፤ ሐዘንተኛን ቢያጽናናም ነውር የለበትም። መልስ ካላገኙ ግን ደራሲው የተደበቀበት፣ ገጸ ባሕርዩ ራሱን ሰው ነኝ የሚልበት ጽሑፍ በእጃችን አለ ማለት ነው።

መምሰል ይሻሻላል። የዛሬው ቅጂ የሚሳሳተውን የነገው ላይሳሳት ይችላል፤ ስለዚህ «አይመስልም» በሚለው ላይ የቆመ ትችት ብዙ ዕድሜ የለውም። «እሱን እንዲመስል ያደረግነው እኛ ነን» ብሎ ስሙን የሚጽፍ ደራሲ እንዲኖር የሚጠይቅ ትችት ግን ቅጂው የቱንም ያህል ቢረቅ አይሻርም። ቅጂው በረቀቀ ቁጥር፣ ከጀርባው ያለው ደራሲ ስሙን እንዲጽፍ የመጠየቁ አስፈላጊነት ይጨምራል።